ለቆመ ሰው የወረደ ሙሾ

ሰኞ ጠዋት በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ሙዓለ ሕፃናት ውስጥ፣ የአራት ዓመት ልጅ ሱሪው ላይ ሸና። ቤት የሚመታ ቃል አጥቶ ነው። «እትዬ ተዋበች ሆይ፣ አንድ ጉዳይ አለ» ብሎ ደህና አድርጎ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛውን ስንኝ ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ እግሩን ሲያቆላልፍ፣ ከንፈሩን ሲነክስ ግን ጉዳዩ ራሱ ቀደመው። የልጆቹ ተንከባካቢ ተዋበች ነገሩ ገና ሲጀምር ገብቷታል። ስንኙ ሳይሞላ ልጅን ወደ ሽንት ቤት መውሰድ ግን ክልክል ነው፤ ክፍሉ ጥግ ላይ የተሰቀለው ዓይን ያያል፣ ያየውንም አይረሳም። ስለዚህ ቆማ ጠበቀች። ከዚያም አጠበችውና ደረቅ ሱሪ አለበሰችው። ልጁ ሱሪውን ወደ ላይ እየሳበ «አሁን ግን ቀለለ» አለ። ቤት መታ። ተዋበች ሳቋ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው።

በዚያ ዘመን አቤቱታ በግጥም ካልቀረበ አይሰማም። ሲጀመር ማንም አልከፋውም። ገጣሚ የሚታሰርበት ጊዜ አለፈ፣ ግጥም በሕግ የሚከበርበት ጊዜ መጣ ተብሎ በየአደባባዩ ተጨፈረ። ስለ ሰው መብት ጽፈው መከራ ላዩ ገጣሚዎች ሐውልት ቆመ። «ግጥም የሕዝብ ድምፅ ነው» የሚለው ቃል ሕግ ሆኖ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የሕዝብ ድምፅ ግጥም ብቻ ነው ተባለ። ከዚያ የድምፅ መስጫ ሣጥኖች ተሰብስበው ሙዚየም ገቡ፤ ግጥም እያለ ሣጥን ምን ያደርጋል ተባለ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

አሁን በየከተማው የድምፅ አዳራሽ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰው ለብሶ፣ ተቀባብቶ ይሄዳል። ቤቱ የፈረሰበት በግጥም ይናገራል፣ መሬቱን የተቀማ በግጥም ይናገራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ «ድገመው!» ይላል። ሁሉም ነገር ወደ ከተማው ሁሉ በድምፅ ማጉያ ይተላለፋል። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው መብራት ሰሚው ይባላል። አንድ ሰው ግጥሙን ሲጨርስ ሰሚው ቢጫ ይበራና «ተደምጧል» ይላል። ተደምጧል ማለት አለቀ ማለት ነው። የተደመጠ ጉዳይ ሁለተኛ አይነሳም፤ ሰው ከተደመጠ ሌላ ምን ይፈልጋል?

የተዋበች ታናሽ ወንድም ደምሰው ይህንን ነገር አልወደደውም። ቧንቧ ሠሪ ነበር፤ ነገር በቀጥታ ይወዳል። ሰፈራቸው ውሃ ከጠፋበት ወራት ሲቆጠር፣ አንድ ቅዳሜ ወደ መድረኩ ወጣና «ውሃ የለም። ዋናው መዝጊያ ተዘግቷል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ። ማን እንደዘጋው ንገሩን» አለ። አዳራሹ ሰው ልብሱን አውልቆ የቆመ ይመስል ደነገጠ። ከፊት ወንበር አንድ አዛውንት አዝነውለት «ልጄ፣ ቤት ምታ፣ ግድ የለህም ቤት ምታ» አሉት። «አባቴ፣ እኔ የምፈልገው ውሃ ነው» አላቸው። ሁለት ሰዎች መጥተው ክንዱን ያዙት። በስድ ንግግር የሕዝብን ጆሮ ማወክ የሚል ክስ ተመሠረተበት። ውሃው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ ተዋበች በየረቡዑ ከከተማው ውጭ ወዳለው ማቆያ ስንቅ ትወስዳለች። ማቆያው ለታሳሪ ምግብ አያቀርብም፤ ዘመን ቢለወጥም ይህ አልተለወጠም። ፊቱን ግን አይታው አታውቅም። ምሳ እቃውን በመስኮት ትሰጣለች፣ ያለፈውን ሳምንት ባዶ ምሳ እቃ ትቀበላለች። ባዶ ከመጣ በልቷል፣ ከበላ አለ። ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው በዚያ ባዶ እቃ ነበር። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሌላ ሰው የላትም።

ስለ እሱ ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ ወጥታለች። አንዱን ግጥም ስለ እስሩ፣ ሌላውን ስለ ይቅርታ አቀረበች። ሁለቱም ጊዜ ተጨበጨበላት፤ ሁለቱም ጊዜ ቢጫ በራ። በሦስተኛው፣ ግጥም ከመድረክ በፊት አይቶ የሚያርመው የአዳራሹ ሠራተኛ ናሆም ወረቀቷን አነበበና መልሶ ሰጣት። ጨዋ ልጅ ነው፤ በዚያ ቤት ከሚሠሩት ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየ የሚያነጋግር እሱ ብቻ ነበር።

«እትዬ ተዋበች፣ ቤቱ ይመታል፣ ልኩም ልክ ነው። ግን አያስለቅስም» አላት።

«ማስለቀስ ግዴታ ነው እንዴ?»

«ተደምጦ እንዲዘጋ ከሆነ ግዴታ አይደለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወደ ውሳኔ ሰጪዎች እንዲሄድ ከፈለጉ ግን አዳራሹ ማልቀስ አለበት። ያኔ ሰሚው አረንጓዴ ይበራል። እኔ እዚህ ከገባሁ አረንጓዴ ሲበራ ያየሁት አንዴ ነው።»

«የዚያ ሰው ጉዳይ ምን ሆነ?»

«ተወሰነ» አለ ናሆም። ምን ተብሎ እንደተወሰነ ግን አያውቅም።

ተዋበች ወረቀቷን አጥፋ ወጣች። መንገዱን ሁሉ የምታስበው እናቷን ነበር። እናቷ ወይዘሮ ፈለቀች ስመ ጥር አልቃሽ ነበሩ። ልቅሶ ቤት ገብተው አንዴ ድምፃቸውን ሲያወጡ፣ ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ተቀምጦ ያለቅሳል ይባልላቸው ነበር። ተዋበች ልጅ ሆና ከኋላቸው እየተከተለች ዜማውን ሁሉ ለቅማዋለች። ጎረምሳ የሞተበትም፣ እናት የሞተችበትም፣ በሰው አገር የቀረም ዜማው ለየብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሀብት በጉሮሮዋ ይዛ በወረቀት ግጥም መንከራተቷ ራሷን አስገረማት።

ለጎረቤቷ ለዘሀራ ነገረቻት። ዘሀራ ጎመን ትቀነጥስ ነበር፤ እጇ ቆመ።

«ተዋቡ፣ ይሄንን ነገር ተይው። ለቆመ ሰው ሙሾ አይወርድም።»

«ልቤን ፈጣሪ ያውቀዋል።»

«እሱማ ያውቃል። እኔ የፈራሁት ያንን መብራት ነው። ወላሂ፣ እናትሽ እንኳ መርዶ ሳይነገር አፋቸውን አይከፍቱም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እያጨበጨቡ ይሸኙኛል። ቅዳሜ ይመጣል፣ ቅዳሜ ይሄዳል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ ዘሀራ።»

ዘሀራ ወደ ጎመኗ ተመለሰች። «አላህ ያግዝሽ እንግዲህ» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ተዋበች ወረቀት ሳትይዝ ወደ መድረኩ ወጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ይህንን ያየች አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር «ወይኔ» አለች፤ ገና ቃል ሳይወጣ። ተዋበች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና አወረደችው፦

«ደጃፉን ጥረጉ፣ ይመጣል ወንድሜ፣
እያልኩኝ ስጠብቅ ተሟጠጠ አቅሜ።

ውሃ አጣን ቢላቸው ለሰፈሩ ብሎ፣
ሄደ የእናቴ ልጅ ጥያቄውን አዝሎ።

ሌላው ቀብሩን አይቶ አልቅሶ ይወጣል፣
እኔ በር ዘግተውብኝ እንባዬ ይመጣል።»

መጀመሪያ የተነሱት አሮጊቶች ነበሩ። ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ቀጥሎ ወንዶቹ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ስንት ዘመን በጭብጨባ የደረቀ አዳራሽ በአንድ ጊዜ ታጠበ፤ ሰው ለደምሰው ብቻ አላለቀሰም፣ ለፈረሰ ቤቱም፣ ለተቀማ መሬቱም፣ ተደምጧል ተብሎ ለተዘጋበት ነገር ሁሉ አለቀሰ። ተዋበች ዓይኗን ስትገልጥ ናሆም መጋረጃው ሥር ቆሞ እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አየችው። ሰሚው አረንጓዴ በራ። «በከፍተኛ ስሜት ተደምጧል። ጉዳዩ ውሳኔ ያገኛል» አለ።

ያን ዕለት ተዋበች በደስታ ቤቷ አልበቃ አላት። ለዘሀራ ሽሮ ወሰደችላት፤ «አየሽ?» አለቻት። የደምሰውን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣች። እሑድ ሸሚዞቹን ተኮሰች። ማክሰኞ ዶሮ ገዛች፤ ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነውና ረቡዕ አይጾምም፤ ረቡዕ ከተፈታ ቤቱ ይበላዋል፣ ካልተፈታም ስንቁ ይሆናል ብላ ነበር።

ረቡዕ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ምሳ እቃውን ዘረጋች። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሴት ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ሰሌዳ ተመለከተችና ምሳ እቃውን በሁለት እጇ መልሳ ገፋችው።

«ደምሰው አራጋው የሚባል ሰው እኛ ጋ የለም።»

ተዋበች ልቧ በደስታ ዘለለ። «ተፈታ?»

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ድምፅዋን አወቀችው። «እርስዎ ነዎት እኮ! ቅዳሜ ሰምቼዎታለሁ፤ ባለቤቴም ልጆቼም ስናለቅስ ነው ያመሸነው። እግዜር ያጥናዎት፣ እናት። ነፍስ ይማር።»

«ማንን?»

«ወንድምዎን ነዋ።»

«ወንድሜ እዚህ ነው ያለው። ያለፈው ረቡዕ ያመጣሁለትን በልቶታል፤ ባዶውን እቃ ከእጅሽ ነው የተቀበልኩት።»

«እኔ የማውቀው ሰሌዳው የሚለውን ነው» አለች ሴትየዋ፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። «ሙሾ አወረዱለት፣ አዳራሹ ተነስቶ መሰከረ፣ ተወሰነ። የሌለ ሰው ስንቅ እንዴት ልቀበል?» ከተዋበች ኋላ የተሰለፉት ሰዎች ይህንን ሲሰሙ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ አንዱ ክንዷን ደገፋት፤ ምሳ እቃውን ሌላ ሰው ያዘላት። እንዲያው በሐዘኔታ እየደገፉ ከመስኮቱ አራቋት።

በቀጥታ ወደ ናሆም ሄደች። ናሆም የሰሚውን ማሽን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየ፤ ፊቱ እየገረጣ ሄደ።

«ሰሚው ሙሾ መሆኑን ለይቶታል» አለ። «በአገሩ የተሰበሰበውን ሙሾ ሁሉ ያውቃል፣ እትዬ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለቆመ ሰው የወረደ አንድም የለም። ስለዚህ ሞቷል ብሎ ወሰደው።»

«አርሙት።»

«እርማት በግጥም ይቀርባል።»

«አቀርባለሁ። አሁኑኑ።»

«በማን ስም?» አለ ናሆም። ማየት አቅቶት ዓይኑን ሰበረ። «በሞተ ሰው ስም አቤቱታ አይከፈትም። መዝገቡ ለአቤቱታ ዝግ ነው፤ ለሐዘን ብቻ ነው ክፍት። ቀድሜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ስሰማዎት እኔም ማልቀስ ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«ናሆም፣ ልጄ፣ ሰውየው እዚያ ውስጥ ነው። ምን ይበላል?»

ናሆም ማሽኑን ዘጋው። ለሰሚ ግራ የሆነ ነገር ነው።

ተዋበች ቤቷ ስትደርስ በሯ ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘች። እድሩ ነው፤ እሷ ማቆያው ሳለች ውሳኔው በከተማው ማጉያ ተነግሮ ኖሯል። የእድሩ ዳኛ አቶ ሰይድ እንድሪስ፣ የደምሰው የጨዋታ ወዳጅ፣ ችካል እያስመቱ ነበር። ሁልጊዜ «አንተ ልጅ ከሞትክ ድንኳኑን እኔ አልተክልም፣ ቧንቧዬን ሳትሠራ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አሁን ዓይናቸው ቀልቷል።

«አቶ ሰይድ፣ ይንቀሉት። አልሞተም።»

«አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉ ትከሻዋን ይዘው። «ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ገብተሽ ተቀመጪ።»

ለመጣው ሁሉ ነገረችው። ስለ መስኮቱ ነገረች፣ ስለ መብራቱ ነገረች፣ ስለ ባዶው ምሳ እቃ ነገረች። ሰዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። እርስ በርሳቸውም «ልቧን ነካው» ተባባሉ። ያመነቻት ዘሀራ ብቻ ናት። ዘሀራ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ «እኔ አውቃለሁ» አለቻት በሹክሹክታ። «ግን ድንኳኑን በጉልበት ብናፈርስ ምን ይመጣል? አንቺንም ይወስዱሻል። ያኔ እሱን ማን ያስታውሰዋል?» ተዋበች ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ያሰጣችው የደምሰው ፍራሽ ነበር።

ዓርብ ሠልስት ሆነ። ጠዋት ሁሴን የሚባል ሹፌር መጣ፤ ትናንት ከማቆያው የተፈታ ነው። ሰው ሲበዛበት ፈርቶ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፤ ዘሀራ ናት አይታው ወደ ጓዳ ያስገባችው። ተዋበችን ሲያይ እግሯ ላይ ሊወድቅ ቃጣው።

«ከደምሰው ጋር አንድ ክፍል ነበርን» አላት። «አለ። በሕይወት አለ።»

ተዋበች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹን በማጉያ ያሰሙናል፤ በግድ ነው። ድምፅሽን ገና ስትጀምሪ አወቀው። መጀመሪያ ሳቀ። ‹እህቴ ልታስፈታኝ ብላ ነው፣ ተንኮለኛ ናት› አለን። እኛም ቀልደን ነፍስ ይማር አልነው። ረቡዕ ግን ስንቅ ሳይመጣ ሲቀር ሳቁን ተወ። ‹የምሯን ነው፣ ደክሟት ነው፣ ቀብራኛለች› አለ። ከዚያ ወዲህ እኛ የምናካፍለውን አልቀምስም ብሏል። ‹ሙሾ የወረደለት ሰው እህል አይቀምስም› ይላል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የተኛው። እኔ ስወጣ ለመንኩት፤ አልዞረም።»

«የሚያደርስልኝ ሰው አለ? አንድ ቃል ብቻ።»

ሁሴን ራሱን ነቀነቀ። «ውስጥ የሚገባ ድምፅ የዚያ ማጉያ ድምፅ ብቻ ነው።» ይህንን ብሎ በጓሮ በር ወጣ፤ ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ አይፈረድበትም።

ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ ሰዎች ካሜራና ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። አረንጓዴ የበራለት ሙሾ ሠልስቱ በቀጥታ ለሕዝብ ይተላለፋል፤ ክብር ነው። ናሆም አብሯቸው ነበር፤ ቀርቦ በጆሮዋ «ከሙሾ ውጭ ከተናገሩ ማጉያው ራሱን ይዘጋል፣ እትዬ። እንዳይደክሙ ብዬ ነው» አላት።

«ይሄ እዚያም ይሰማል? ማቆያው ውስጥ?»

«ይሰማል።»

ተዋበች ተነሳች። ድንኳኑ ሞልቷል፤ የሙዓለ ሕፃናቱ መምህራን፣ የእድሩ ሰዎች፣ የማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። አልቃሽ አንድ ስንኝ ስታወርድ ሕዝቡ እንደሚቀበል ታውቃለች፤ እሷ ግን የምትነግረው ለአንድ ሰው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሰው እንዲዞር ነው። ሌላ የቀራት መንገድ አልነበረም፤ እናቷ ባስተማሯት ዜማ፣ ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ አወረደችው፦

«አልሞተም ወንድሜ፣ ቆሟል ከነነፍሱ፣
በር ዘግተው ነው እንጂ ስንቁን የመለሱ።

አልቀበርኩህም እኔ፣ ዙር ወደ እህትህ፣
እህል ቅመስልኝ፣ እኔ ልሙትልህ።»

የመጨረሻው ስንኝ ልኩ አልሞላም፤ ማስተካከያ ጊዜ አልነበራትም። ማጉያው ግን አልተዘጋም። አቶ ሰይድ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «ተዉአት፣ ይውጣላት» አሉ አጠገባቸው ላሉት። «ልቅሶ ሲጀመር አልሞተም የማይል ማን አለ?» አሮጊቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተነሱ። «አይ እህት!» አለች አንዷ፣ «እህት እንዲህ ናት።» ዜማውን ቀድሞ የተቀበለችው እሷ ነበረች፤ ከዚያ የሴቶቹ ወገን፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ከድንኳኑ ውጭ መንገድ ላይ የቆመው ሰው።

ተዋበች እጇን ዘርግታ ልታስቆማቸው ሞከረች። ድምፅዋ በድምፃቸው ውስጥ ጠፋ። ድንኳኑ ሙሉ ሕዝብ፣ እያለቀሰ፣ ደረቱን እየመታ፣ አልሞተም፣ አልሞተም አለ፤ ከዘሀራና ከናሆም በቀር ግን ያመነ ሰው አልነበረም።